የአለርጂ ክኒን ስንውጥ ልናደርጋቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

(በራዲዮ የጤና ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

በዛሬው ዝግጅታችን ከብዙዎቻችን ቤት ስለማትጠፋ አንዲት ትንሽ ክኒን እንነጋገራለን። ስለ አለርጂ መድኃኒት ማለታችን ነው።

ነገሩን አንድ አድማጫችን ካጫወቱን ገጠመኝ እንጀምረው። እኚህ ወንድማችን የሚኒባስ ሹፌር ናቸው። ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲቆም፣ ሜዳው አበባ ሲለብስና መንገዱ አቧራ ሲሆን አፍንጫቸው ይፈሳል፣ ዓይናቸውም ያሳክካቸዋል። ማስነጠሱ ሶላት ላይ እንኳ አላቆም ይላቸዋል። አንድ ቀን ባለቤታቸው ከመደርደሪያው በወረቀት የተጠቀለለች ክኒን አውጥተው ሰጧቸው። እሳቸውም ከሱብሒ ሶላት በኋላ በሻይ አወራርደዋት ወደ ሥራ ወጡ። አፍንጫቸው ደረቀ፤ አልሐምዱሊላህ ብለው ጉዟቸውን ቀጠሉ። ጥቂት ቆይቶ ግን አንዲት ተማሪ ዜብራ ላይ እያቋረጠች ሳለ በድንገት ፊታቸው ድቅን አለች። ፍሬን የረገጡት ዘግይተው ነበር፤ አላህ አተረፋት እንጂ መኪናው የቆመው ክንድ ያህል ሲቀረው ነው። ከዚያ በኋላ የነገሩን ቃል ይህ ነው፦ «እንቅልፍ አልያዘኝም፤ ዓይኔም ክፍት ነበር። ልጅቷን ግን አላየኋትም።»

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር በዚህች አባባል ውስጥ ይገኛል። ብዙዎቻችን «ይህ መድኃኒት እንቅልፍ ያመጣል» ሲባል ሰምተናል። እንቅልፍ ካልመጣብን ምንም እንዳልሆንን አድርገን እናስባለን። እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አንዳንዶቹ የአለርጂ መድኃኒቶች እንቅልፍ ሳይሰማን ንቃታችንን ይቀንሱታል። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ እጁና አእምሮው ግን ዘግይተዋል።

መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

አለርጂ ማለት ሰውነታችን ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው የሚፈጠር ችግር ነው። የአበባ ብናኝ፣ የቤት አቧራ፣ የድመት ፀጉር፣ የንብ ንድፊያ፣ አንዳንድ ምግብና መድኃኒት ለዚህ ምክንያት ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ የሰውነታችን ሕዋሳት ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃሉ። አፍንጫን የሚያፈሰው፣ ዓይንን የሚያሳክከው፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ የሚያወጣው በአብዛኛው ይኸው ሂስታሚን ነው። መድኃኒቱ ሂስታሚን ሥራውን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ስሙም ከዚህ በመነሳት አንቲሂስታሚን ተብሏል። በዚህ ዘርፍ ፈር ቀዳጅ ምርምር ካደረጉት አንዱ ዳንኤል ቦቬ የተባለ ሳይንቲስት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1957 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

እነዚህ መድኃኒቶች በሁለት ይከፈላሉ። ነባሮቹ ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ዳይፈንሃይድራሚንና መሰሎቻቸው ናቸው። ዋጋቸው ርካሽ ነው፤ በቀላሉም ይገኛሉ። በብዙ የጉንፋንና የሳል መድኃኒቶች ውስጥም ተቀላቅለው ይገባሉ። ችግራቸው ከደም ወደ አንጎል በቀላሉ ማለፋቸው ነው። ሂስታሚን አፍንጫ ላይ የሚያስቸግር ቢሆንም አንጎል ውስጥ ግን ነቅተን እንድንቆይ የሚረዳ ነው። ስለዚህ ነባሮቹ መድኃኒቶች አፍንጫችንን ሲያደርቁ ንቃታችንንም አብረው ያደክማሉ። አዳዲሶቹ ሎራታዲን፣ ሴትሪዚንና ፌክሶፌናዲን ደግሞ ወደ አንጎል የሚያልፉት በጣም በጥቂቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይወሰዳሉ። ይሁን እንጂ ሴትሪዚን አንዳንድ ሰዎችን እንደሚያደክም መታወቅ አለበት።

መሪ ለሚይዙ

እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ አዮዋ ውስጥ የተካሄደ አንድ ጥናት ውጤት ታትሞ ነበር። አጥኚዎቹ አለርጂ ያለባቸውን 40 ሰዎች እንደ እውነተኛ መኪና በተሠራ የመንዳት መለማመጃ ላይ አስቀምጠው በተለያየ ቀን የተለያየ ነገር እየሰጡ ፈተኗቸው። በአንዱ ቀን 50 ሚሊ ግራም ዳይፈንሃይድራሚን፣ በሌላው ቀን ፌክሶፌናዲን፣ በሌላው ቀን አልኮል፣ በሌላው ቀን ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለው ክኒን ሰጧቸው። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። ዳይፈንሃይድራሚን የወሰዱት ሰዎች አነዳድ አልኮል ከጠጡበት ቀን እንኳ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ፌክሶፌናዲን በወሰዱበት ቀን ግን ምንም ካልወሰዱበት ቀን የተለየ ችግር አልታየም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው፤ ሰዎቹ «እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል» ማለታቸውና አለማለታቸው ምን ያህል እንደተዳከሙ አያሳይም ነበር።

እስቲ ይህን ልብ እንበለው። አስካሪ መጠጥ ደጃፋችንን እንዳያልፍ እንጠነቀቃለን፤ አልሐምዱሊላህ። ሆኖም ከመደርደሪያችን ላይ ያለች አንዲት ክኒን እንደ ጠጪ ሰው አድርጋ ልታስነዳን እንደምትችል ሳናውቅ ኖረናል። ክኒኗ ሐራም ናት እያልን አይደለም፤ መድኃኒት ናት። ነገር ግን መሪ የያዘ ሰው የተሳፋሪውም የእግረኛውም ነፍስ አማና አለበት። ስለሆነም ታክሲ፣ ባጃጅ፣ የጭነት መኪና ወይም ሞተር ሳይክል የምታሽከረክሩ፣ በግንባታ ሥራ ከፍታ ላይ የምትወጡ፣ በእንጨት መሰንጠቂያና በወፍጮ ቤት የምትሠሩ ሁሉ በሥራ ቀን ነባሮቹን መድኃኒቶች አትውሰዱ።

«እንግዲያው ማታ ወስጄ ጠዋት እነዳለሁ» የሚሉ አሉ። ክሎርፌኒራሚን ከሰውነት ለመውጣት ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ማታ የወሰድነው ጠዋት ሊከተለን ይችላል። «ቡና እጠጣበታለሁ» ወይም «ጫት እቅምበታለሁ» የሚሉም አይጠፉም። ቡናም ሆነ ጫት መድኃኒቱን ከደም ውስጥ አያወጣውም፤ ሰውየው የነቃ እንዲመስለው ሊያደርገው ይችላል እንጂ። እንዲያውም የነቃ የመሰለው ሰው የበለጠ ይደፍራል። አዲስ መድኃኒት ሲጀመር፣ ከአዳዲሶቹ ወገን ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ቀን መኪና በማይነዳበት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ሰውነታችን እንዴት እንደሚቀበለው እዚያው ቤታችን ሆነን እናየዋለን።

አዛውንቶቻችን

ከቤታችን ትልልቅ ሰዎች መካከል አያታችንን እናስብ። ሌሊት አሳከከኝ አሉ፤ ያችኑ ክኒን ሰጠናቸው። በማግስቱ ነገር ያምታቱ ጀመር። የልጃቸውን ስም ይሳሳታሉ፤ የሰገዱትን ሶላት አልሰገድኩም ይላሉ። ቤተሰቡም ከፊሉ «እርጅና ነው» ይላል፤ ከፊሉ «ዓይን ነው» ይላል። ስለ ክኒኗ የሚያስብ የለም።

ነባሮቹ መድኃኒቶች ሂስታሚንን ብቻ ሳይሆን በሰውነታችን ውስጥ አሴቲልኮሊን የተባለውን መልእክተኛ ንጥረ ነገርም ያግዳሉ። በዚህ የተነሳ አፍ ይደርቃል፣ ዓይን ይደበዝዛል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሽንት እምቢ ይላል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ የአእምሮ መምታታት ያስከትላሉ። ለተሐጁድ ወይም ለውዱእ ሌሊት ሲነሱ ተንገዳግደው ሊወድቁ ይችላሉ፤ በዚያ ዕድሜ የዳሌ አጥንት መሰበር ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች እነዚህን መድኃኒቶች ከመስጠት እንዲቆጠቡ ይመከራሉ። ፕሮስቴት ያለባቸው አባቶችና ግላኮማ የተባለው የዓይን ግፊት ያለባቸው ሰዎችም ሐኪም ሳያማክሩ መውሰድ የለባቸውም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሴትሪዚንን የመሰሉትን አዳዲሶቹንም ቢሆን መጠኑን ሐኪም ሊቀንስለት ስለሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ።

እነዚህ ነባር መድኃኒቶች ላብንም ይቀንሳሉ። ላብ ደግሞ ሰውነታችን የሚቀዘቅዝበት መንገድ ነው። ስለዚህ በአፋር ወይም በድሬዳዋ ሙቀት የምትኖሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወላጆቻችሁን ለሐጅ የምትሸኙ ወገኖች፣ ሻንጣ ውስጥ የምታስገቡትን መድኃኒት ከመሄዳቸው በፊት ለባለሙያ አሳዩ።

ሕፃናትና እናቶቻቸው

አሁን ደግሞ ወደ ሕፃናቱ እንምጣ። አንዳንድ ወላጆች ልጁ ጉንፋን ሲይዘው፣ ወይም ረጅም መንገድ ሲሄዱ እንዲተኛላቸው፣ የአለርጂ ሽሮፕ ያጠጡታል። ይህ በጣም አደገኛ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ፕሮሜታዚን ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዳይሰጥ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። ምክንያቱም የሕፃናቱን አተነፋፈስ አዳክሞ ለሞት ያበቃበት ጊዜ በመኖሩ ነው። በ2008 ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የጉንፋንና የሳል መድኃኒቶች ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጡ አሳስቧል። ሕፃን ለማስተኛት ተብሎ የሚሰጥ የአለርጂ መድኃኒት የለም። እንዲያውም አንዳንዱን ልጅ በተቃራኒው ያስቀብጠዋል፤ ወላጅም አልሠራለትም ብሎ ሲደግምለት አደጋው ይበረታል።

ሐኪም ለልጁ ሲያዝ መጠኑን የሚወስነው በዕድሜውና በክብደቱ ነው። ስለዚህ ለታላቁ የታዘዘውን ለታናሹ አንስጥ። በቤታችን ያሉት የሻይ ማንኪያዎች አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ናቸው፤ መድኃኒት ሊለካባቸው አይገባም። ከጠርሙሱ ጋር በሚመጣው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ በሚሊ ሊትር ቆጥረን እንስጥ።

ነፍሰ ጡር እህቶቻችን የትኛውንም ክኒን ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ለሚያጠቡ እናቶችም እንዲሁ ነው። ነባሮቹ መድኃኒቶች በጡት ወተት አልፈው ሕፃኑን ሊያፈዙትና ሊያነጫንጩት ይችላሉ፤ ወተቱንም ሊያሳንሱ ይችላሉ። ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ከአዳዲሶቹ አንዱን ይመርጥላቸዋል።

መድኃኒቱ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። «ከረሜላ ነው» ብለን አንስጣቸው፤ ነገ ብቻቸውን ሲያገኙት ከረሜላ መስሏቸው ይበሉታል። ወጣቶቻችንንም እንምከር። እ.ኤ.አ. በ2020 ይኸው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት በስልክ በሚሰራጭ የ«ማን ይደፍራል» ቪዲዮ ተገፋፍተው ብዙ ዳይፈንሃይድራሚን የዋጡ ወጣቶች ለሆስፒታል፣ ከዚያም አልፎ ለሞት መዳረጋቸውን ጠቅሶ አስጠንቅቋል። ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ልቡ በኃይል ይመታል፣ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከተጠረጠረ ለማስታወክ እየሞከርን ጊዜ አናጥፋ፤ የመድኃኒቱን መያዣ ይዘን ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም እንሂድ።

በአንድ ላይ መደራረብ

ሌላው ስህተት ሳናውቀው አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ መውሰድ ነው። ለአለርጂው ክሎርፌኒራሚን ዋጥን። ራስ ምታትና ጉንፋን ሲጨመርበት ደግሞ የጉንፋን ክኒን ገዛን። የጉንፋኑ ክኒን ውስጥ ብዙ ጊዜ ያው ክሎርፌኒራሚን አለበት፤ አንዳንዱ በተጨማሪ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ ነገር አለው። ማታ ደግሞ የሳል ሽሮፕ ጠጣን፤ እርሱም ውስጥ ሌላ የዚሁ ዘር መድኃኒት ይኖራል። በአንድ ቀን ሦስት እጥፍ ወሰድን ማለት ነው።

እንቅልፍ ከሚያመጡ ሌሎች መድኃኒቶች ጋር መቀላቀልም ክፉ ነው። ለምሳሌ ዲያዜፓም፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል፣ ለራስ ምታትና ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጡት ትራማዶልና ኮዴይን ከነባሮቹ የአለርጂ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኙ ድካሙ ይደራረባል፤ አተነፋፈስም ሊዳከም ይችላል።

ከታሪክ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ተርፌናዲን የተባለ የአለርጂ መድኃኒት ነበር። እንቅልፍ የማያመጣ በመሆኑ ብዙ ሰዎች ወደውት ይጠቀሙበት ነበር። በኋላ ግን ኤሪትሮማይሲን ከተባለው አንቲባዮቲክ ወይም ኬቶኮናዞል ከተባለው የፈንገስ መድኃኒት ጋር የወሰዱት ሰዎች የልብ ምታቸው ተዛብቶ ሕይወታቸው እስከ ማለፍ ደረሰ። ምክንያቱም እነዚያ መድኃኒቶች ጉበት ተርፌናዲንን እንዳያጣራ ስለሚከለክሉት በደም ውስጥ ይከማች ነበር። በዚህም የተነሳ እ.ኤ.አ. በ1998 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ዛሬ የምናውቀው ፌክሶፌናዲን ከእርሱ የተገኘና ይህ የልብ ችግር የሌለበት ነው። ትምህርቱ ግን አሁንም ይሠራል፤ መድኃኒት ቤት ስንሄድ የምንወስደውን ሌላ መድኃኒት ሁሉ እንናገር። ፌክሶፌናዲንን የምትወስዱም በውኃ ዋጡት፤ ከብርቱካን ወይም ከአፕል ጭማቂ ጋር ሲወሰድ ሰውነት የሚቀበለው መጠን ይቀንሳል።

በየቤታችን ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከለንደን ወይም ከዋሽንግተን በዘመድ ሻንጣ የመጣ መድኃኒት አይጠፋም። ላኪዎቹን አላህ ይስጣቸው። ነገር ግን የንግድ ስም አያታልለን። ለምሳሌ ቤናድሪል በአሜሪካ ሲሸጥ በውስጡ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን ነው፤ በእንግሊዝ በዚሁ ስም የተሸጠው ደግሞ አክሪቫስቲን ወይም ሴትሪዚን ነው። ስሙ አንድ፣ መድኃኒቱ ሌላ። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ትክክለኛ ስም ማንበብ፣ ማንበብ ካልቻልን ማስነበብ ያስፈልጋል። በመድኃኒት ቤትም ክኒኑ ተቆጥሮ በወረቀት ሲሰጠን «ስሙንና መጠኑን ጻፍልኝ» እንበል። ስሙ ያልተጻፈበት ክኒን ሲከርም ማንም ምን እንደሆነ አያውቀውም።

በረመዳን

በየረመዳኑ ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ የዚህ መድኃኒት ሰዓት ነው። ክሎርፌኒራሚን በየ4 እና 6 ሰዓቱ የሚወሰድ በመሆኑ ለጾመኛ አይመችም። አንዳንዶች ቀን ያለፋቸውን ለማካካስ ኢፍጣር ላይ ሁለትና ሦስት ክኒን ባንድ ጊዜ ይውጣሉ፤ ከዚያም ለተራዊሕ መኪና እየነዱ ይወጣሉ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ያለፈ መድኃኒት አይደረብም። መፍትሔው ሐኪምን አማክሮ በቀን አንድ ጊዜ ወደሚወሰደው መለወጥ ነው። ለምሳሌ ለአዋቂ ሰው የሎራታዲን ወይም የሴትሪዚን የተለመደ መጠን በቀን 10 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህንን ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይቻላል። የአፍንጫና የዓይን ጠብታን በጾም ስለመጠቀም፣ እንዲሁም አንዳንድ ሽሮፖች አልኮል ስላለባቸው የሚነሳውን ጥያቄ ዑለማእን ጠይቁ። በእኛ በኩል የምንመክረው፣ ብዙዎቹ መድኃኒቶች በክኒንም ስለሚገኙ ባለሙያውን «አልኮል የሌለበት አለ ወይ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው። የታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ሸሪዓችን እንደፈቀደለትም አንርሳ።

ክኒኑ የማይበቃበት ጊዜ

ከሁሉም በላይ እንድትይዙልን የምንፈልገው ይህን ነው። ኃይለኛ አለርጂ፣ ሐኪሞች አናፊላክሲስ የሚሉት፣ በክኒን አይመለስም። ከንብ ንድፊያ፣ ከመርፌ ወይም ከምግብ በኋላ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ መተንፈስ ካስቸገረ፣ ሰውየው ካዞረውና ከደከመ፣ ሽፍታው ከማስታወክ ጋር ከመጣ፣ ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ሕይወት የሚያድነው በጭን ጡንቻ ላይ የሚወጋው አድሬናሊን እንጂ የአለርጂ ክኒን አይደለም። «እስቲ ክኒኑን ይዋጥና እንየው» ብሎ መጠበቅ ሰው ያሳጣል። የደከመውን ሰው አስተኝተን እግሩን ከፍ እናድርግለት፤ መተንፈስ ካስቸገረው ይቀመጥ። በድንገት አናስቁመው፤ ባገኘነው መጓጓዣ ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም እናድርሰው። ጾመኛ ከሆነም ለአንድ ደቂቃ እንኳ አናመንታ።

አስም ያለበትም ሰው የአለርጂ ክኒን የሚነፋውን መድኃኒት እንደማይተካለት ይወቅ። ደረቱ ሲያፍነው ክኒን እየዋጠ አይጠብቅ።

በየቀኑ ለወራትና ለዓመታት የምትወስዱ ሰዎችም ሐኪም ሊያያችሁ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ሴትሪዚንን ለረጅም ጊዜ ወስደው ባቆሙ ጥቂት ሰዎች ላይ በቀናት ውስጥ ኃይለኛ ማሳከክ እንደታየ አሳውቋል። ይህ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ቢሆንም፣ የደረሰበት ሰው አለርጂው የባሰ መስሎት ዕድሜ ልኩን ሲውጥ እንዳይኖር ሐኪሙን ያማክር። የአለርጂ ምርመራ በቆዳ ላይ የሚደረግለት ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ከስንት ቀን በፊት ማቆም እንዳለበት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ መድኃኒቱ የምርመራውን ውጤት ይሸፍነዋል።

ከክኒኑ በፊት ሰበቡን እንቀንስ። ምንጣፍና ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ እናስጣ፤ አቧራውን በደረቁ ከመጥረግ ውኃ እናርከፍክፍበት፤ ቤት ውስጥ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ የዕጣኑን ጭስ እንቀንስ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ የተበጠበጠ ጨው አፍንጫን ማጠብም ለብዙ ሰው እፎይታ ይሰጣል።

ውድ አድማጮቻችን፣ መታከም ሰበብ ማድረስ ነው፤ ሽፋውን የሚሰጠው አላህ ነው። ሰበቡን ስናደርስ ግን በዕውቀት ይሁን። ዛሬ ይህን ንግግር ስትጨርሱ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልን። የመድኃኒት መደርደሪያችሁን ክፈቱ። ስም የሌለውን ክኒን፣ ጊዜው ያለፈበትን ሽሮፕ ለዩና ወደ መድኃኒት ቤት ወስዳችሁ እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ። የቀረውን እያንዳንዱን «ይህ ማንን ያፈዛል? ለማን አይሰጥም?» ብላችሁ ባለሙያ ጠይቃችሁ በላዩ ላይ በአማርኛ ጻፉበት።

እኚያ ሹፌር ወንድማችን እንዲህ አድርገዋል። ሐኪም ዘንድ ሄደው መድኃኒታቸውን ለውጠዋል፤ አዲሱንም በመጀመሪያ የሞከሩት በዕረፍት ቀናቸው ነው። አሮጌዋን ክኒን የያዘችው ወረቀት ላይ ልጃቸው በትልቁ «አባዬ ሲነዳ አይውጣትም» ብላ ጽፋበታለች። በዚያ ዜብራ በሚያልፉበት ጊዜ ሁሉ ያቺን ተማሪ እያስታወሱ አላህን እንደሚያመሰግኑ ነግረውናል።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ ቤታችንንም ከሳናውቅ ከምንሠራው ስህተት ይጠብቅልን። በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።